ትንሿን የሸክላ ምስል በቀለም ማሳመር፦ ጀማሪ እጅ እንዴት ይሠለጥናል?

አዲስ አበባ፦ በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ በሚገኙት የጀሞ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ትልቅ ሸራ ዘርግቶ ለመሳል የሚበቃ ቦታ ማግኘት ቀላል አይደለም። አንዲት ጠባብ ጠረጴዛ፣ የጠዋት ብርሃን የሚገባበት መስኮትና ሁለት ሦስት ብሩሾች ግን በስቱዲዮ ቤትም ቦታ አያጡም። በመዳፍ የሚያዝ የሸክላ ምስልን በቀለም ማሳመር ለከተማ ነዋሪ የሚስማማው በዚህ ምክንያት ነው። ቡና የምታፈላ ሴት፣ በሬ ጠምዶ የሚያርስ ገበሬ፣ ከበሮ የያዘ ካህን፣ አህያ የሚነዳ ልጅ፤ ሁሉም ከአንድ ስንዝር በታች ሆነው በመደርደሪያ ላይ ይቆማሉ።

ሥራውን የጀመረ ሰው ግን ብዙ ጊዜ በመጀመሪያዎቹ ሙከራዎቹ ያዝናል። ፊቱ ይጠፋበታል፤ ልብሱ እንደ ግድግዳ ይለሰንበታል፤ በጥንቃቄ የተቀረጸው እጅና እግር በቀለም ተደፍኖ አንድ ድቡልቡል ነገር ይሆንበታል። ከዚያም «እጄ ይንቀጠቀጣል» ብሎ ይተወዋል። በእርግጥ የእጅ ጽናት ይጠቅማል። ነገር ግን አብዛኞቹ ስሕተቶች የሚመጡት ከሌላ ቦታ ነው፦ ካልተዘጋጀ ገጽ፣ ከወፈረ ቀለም፣ ከተዘበራረቀ የሥራ ቅደም ተከተል፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ብርሃንና ጥላን ካለማስተዋል። እነዚህ ሁሉ በትምህርትና በልምምድ የሚታረሙ ናቸው።

የወለቃ ሴቶች ያቆዩት ሙያ

በሀገራችን ትንንሽ የሸክላ ምስሎች ሲነሡ ቀድማ የምትታወሰው ከጎንደር ከተማ በስተሰሜን፣ ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ዳር የምትገኘው ወለቃ ናት። በዚያ ይኖሩ ከነበሩት ቤተ እስራኤላውያን መካከል ወንዶቹ በብረት ቅጥቀጣና በሽመና፣ ሴቶቹ ደግሞ በሸክላ ሥራ ይታወቁ ነበር። ሴቶቹ ከእንስራውና ከጀበናው ጎን ለጎን ለጎብኚዎች የሚሸጡ ትንንሽ የሰውና የእንስሳት ምስሎችን ሠሩ። አብዛኛው የማኅበረሰቡ አባል በ1977 እና በ1983 ዓ.ም በተካሄዱት ዘመቻዎች፣ እንዲሁም ከዚያ በኋላ ወደ እስራኤል ቢሄድም የሸክላው ሥራ ከአካባቢው አልጠፋም። ሌሎች ሴቶች ይዘውት ቀጥለዋል።

ይህ ሙያ የሚገባውን ክብር ያገኘ አልነበረም። የገበሬው ማረሻ ከብረት ቀጥቃጩ፣ የእማወራዋ ምጣድና ድስት ከሸክላ ሠሪዋ እጅ የሚወጡ ሆነው ሳለ ባለሙያዎቹ «ቡዳ» እየተባሉ ከማኅበራዊ ኑሮ ይገለሉ ነበር። ዛሬ ያንን ምስል በእጁ ይዞ ቀለም የሚያነሣ ሰው የተናቀ፣ ነገር ግን ያልተቋረጠ እውቀት በእጁ እንደያዘ ሊያውቅ ይገባል።

የወለቃ ምስሎች በብዛት የሚታወቁት በቀለም ቅብ ሳይሆን በሸክላው በራሱ መልክ ነው። ይህም ለጀማሪ የመጀመሪያው ትምህርት ነው። ቅርጹ ያለ ቀለም የሚያምር ከሆነ፣ የሚጨመረው ቀለም አንድ ተጨማሪ ነገር መናገር አለበት። ዕድሜ ያለውን ወይም በባለሙያዋ ተፈጽሞ የተሰጠን ምስል ሳይቀቡ መተው ይሻላል። ለልምምድ የሚመረጠው ለቅብ ተብሎ የተሠራ፣ ወይም አንድ ጎኑ ተሸርፎ ከገበያ የወጣ ምስል ነው።

ትንሽ ነገር ጥላ ያጥረዋል

የቀለም ሥራው አስቸጋሪ የሚሆንበትን ምክንያት በቀላል ስሌት መረዳት ይቻላል። ቁመቷ 1 ሜትር ከ65 ሳንቲ ሜትር የሆነች ሴት በ6 ሳንቲ ሜትር ምስል ስትወከል መጠኗ ከ27 እጥፍ በላይ ያንሳል። 3 ሳንቲ ሜትር ገደማ የነበረው የዓይኗ ስፋት ወደ 1 ሚሊ ሜትር ይወርዳል። በቀሚሷ ላይ 11 ሳንቲ ሜትር የነበረው ጥበብ 4 ሚሊ ሜትር ብቻ ይሆናል።

ብርሃን ግን አብሮ አያንስም። በእውነተኛ ነጠላ ላይ ያለ እጥፋት ከዓይን የማይሰወር ጥላ ይጥላል። በምስሏ ላይ ያለው እጥፋት ከጥፍር ውፍረት ስለማይበልጥ የሚጥለው ጥላ እጅግ ደካማ ነው፤ ከመስኮትና ከአምፖል በየአቅጣጫው የሚመጣው ብርሃንም ያንኑ ይደመስሰዋል። በዚህ ምክንያት በአንድ ዓይነት ቀለም ብቻ የተቀባ ትንሽ ምስል ከሁለት ክንድ ርቀት ሲታይ ዝርግ ይመስላል። መፍትሔው ቀቢው ጥላውንም ብርሃኑንም ራሱ በቀለም ማኖሩ ነው።

ይህን የጥንት ሠዓሊዎቻችን በሚገባ ያውቁት ነበር። በ15ኛው ክፍለ ዘመን በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን የሠራው ሠዓሊ ፍሬ ጽዮን ሥዕል በጣና ሐይቅ በዳጋ እስጢፋኖስ ይገኛል። ከዚያ በኋላ የመጡት የጎንደር ዘመን ሠዓሊዎች ሁለት የአሳሳል ስልቶችን ትተዋል። ቀዳማዊው የጎንደር ስልት በደማቅና ዝርግ ቀለም እንዲሁም በጠራ መስመር ይታወቃል፤ የልብሱ እጥፋት በመስመር ይነገራል። በ18ኛው ክፍለ ዘመን በእቴጌ ምንትዋብ ዘመን የጎለመሰው ዳግማዊው ስልት ደግሞ ፊትንና እጅን ከጥቁረት ወደ ብርሃን እያሸጋገረ ያሳብጣል። በአንገት የሚንጠለጠሉ፣ በመዳፍ የሚጨበጡ ባለ ሁለት ገጽ የእንጨት ሥዕሎችም በእነዚህ ዘመናት ተሠርተዋል።

ለትንሽ ምስል ሁለቱም ስልቶች ያስፈልጋሉ። መስመሩ ልብሱን ከእጁ፣ እጁን ከሲኒው ይለያል። ጥላውና ብርሃኑ ደግሞ ቅርጹን ያቆማሉ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ስድስት ኪሎ የሚገኘው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም የእንዲህ ያሉ ሥዕሎች ክምችት ስላለው ከጀሞ ተነሥቶ እዚያ ግማሽ ቀን ማሳለፍ ለጀማሪ ትልቅ ትምህርት ነው።

ገጹን ማዘጋጀት

የጥንት ሠዓሊዎች በባዶ እንጨት ላይ አይስሉም ነበር። እንጨቱን አስቀድመው በጄሶና በሙጫ ድብልቅ ያለብሱትና ያለሰልሱት ነበር። ሸክላም ተመሳሳይ ዝግጅት ይፈልጋል። በጭድ፣ በኩበትና በእንጨት እሳት የተተኮሰ ሸክላ ቀዳዳ የበዛበት ስለሆነ የቀለሙን ውኃ ወዲያው ይመጠዋል፤ ቀለሙም ሳይሰራጭ በያለበት ይደርቃል።

በመጀመሪያ ምስሉን በለስላሳ የጥርስ ብሩሽና በውኃ አጥቦ ጥላሸቱንና አቧራውን ማስለቀቅ፣ ከዚያም እርጥበቱ ፈጽሞ እስኪለቅ ድረስ ለሁለት ቀናት ያህል ማድረቅ ያስፈልጋል። ሸካራውን ቦታ በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት በቀስታ ማሸት ይቻላል። ቀጥሎ አንድ እጅ ነጭ ኮላ ከሦስት ወይም ከአራት እጅ ውኃ ጋር ቀጥኖ በስሱ ይቀባል። ሲደርቅ ግራጫ ወይም ፈዘዝ ያለ ቡናማ ቀለም እንደ መነሻ ይለብሳል። ነጭ መነሻ ቀለማቱን ያደምቃል፤ ጥቁር መነሻ ጥላውን ቀድሞ ይሰጣል፤ ግራጫው ግን ሁለቱንም ስለሚያሳይ ለጀማሪ ይቀላል።

ምስሉን በጣት ይዞ መቀባት ቅባትና ላብ ያስነካዋል። በሻማ ሰም በፕላስቲክ ጠርሙስ ክዳን ላይ አጣብቆ ክዳኑን መያዝ ይሻላል። የእጅ መንቀጥቀጥንም ለመቀነስ ሁለቱን ክርኖች በጠረጴዛው ላይ ማሳረፍ፣ ሁለቱን የእጅ አንጓዎችም ማነካካት ይጠቅማል። ምስሉና ብሩሹ አብረው ስለሚንቀሳቀሱ መንቀጥቀጡ በሥራው ላይ ብዙም አይታይም።

ቀለምን ማቅጠን፣ ብሩሽን መምረጥ

በእንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1975 የተመሠረተው ጌምስ ዎርክሾፕ ለጠረጴዛ ጨዋታ የሚሆኑ 3 ሳንቲ ሜትር ገደማ ቁመት ያላቸው ምስሎችን በመሸጥ ይታወቃል። ከ1987 ጀምሮም «ጎልደን ዲመን» የተሰኘ የቅብ ውድድር ያዘጋጃል። ከዚህ የመዝናኛ ዘርፍ የተማሩ ቀቢዎች ለጀማሪ ሁሉ የሚያስቀድሙት ምክር ቀለምን አቅጥኖ ደጋግሞ መቀባት ነው። ሁለት ወይም ሦስት ቀጫጭን ድርብ ከአንድ ወፍራም ድርብ ይበልጣል፤ ወፍራሙ ቅርጹን ይደፍነዋል፣ የብሩሹንም ፈለግ ያስቀራል።

በውኃ የሚቀጥን አክሪሊክ ቀለም ለዚህ ሥራ ተስማሚ ነው። ትክክለኛው ውፍረት የወተት ያህል ነው፤ በጥፍር ላይ ሲጫር የማይንጠባጠብ፣ ነገር ግን ያለ ችግር የሚሰራጭ መሆን አለበት። በበጋ ደረቅ አየር ቀለሙ በሳህን ላይ ቶሎ ስለሚደርቅ በቤት ውስጥ ቀላል መፍትሔ ማበጀት ይቻላል። ዝርግ የፕላስቲክ ክዳን ላይ በውኃ የራሰ ስፖንጅ ወይም ሶፍት ማንጠፍ፣ በላዩ የኬክ መጋገሪያ ወረቀት መዘርጋት፣ ቀለሙንም በወረቀቱ ላይ ማኖር ነው። እርጥበቱ ከሥር እየመጣ ቀለሙን ለሰዓታት ያቆየዋል።

ብሩሽ ሲመረጥ ከቅጥነቱ ይልቅ ጫፉ ይታያል። እጅግ ቀጭን ብሩሽ የሚይዘው ቀለም ጥቂት ስለሆነ ምስሉ ጋር ሳይደርስ ይደርቃል። በቁጥር 1 ወይም 2 የሚታወቀው፣ ጫፉ እንደ መርፌ የሚሾል ብሩሽ ዓይንም ጥለትም ይሠራል። ቀለም እስከ ብረቱ አንገት ድረስ እንዳይገባ መጠንቀቅ፣ ከሥራ በኋላ በሳሙና ማጠብና ጫፉን በጣት አሹሎ ማስቀመጥ ዕድሜውን ያረዝመዋል። ብሩሽን በምላስ ማሾል ግን ቀለም ወደ ሰውነት ስለሚያስገባ ሊለመድ አይገባም።

ከጥልቁ ወደ ጉብታው

የሥራው ቅደም ተከተል ቀላል ነው፦ ከውስጥ ወደ ውጭ፣ ከጥልቁ ወደ ጉብታው። መጀመሪያ ቆዳ፣ ቀጥሎ ቀሚስ፣ ከዚያ ነጠላ፣ በመጨረሻ ጀበናና ሲኒ ይቀባሉ። እንዲህ ከሆነ በቀሚሱ ላይ የተደረገ ስሕተት በነጠላው ይሸፈናል።

በእያንዳንዱ ክፍል ሦስት እርምጃዎች አሉ። አንደኛ፣ መካከለኛው ቀለም በሁለት ቀጫጭን ድርብ ይቀባል። ሁለተኛ፣ የዚያው ቀለም ጠቆር ያለ ዓይነት በብዙ ውኃ ቀጥኖ ወደ እጥፋቱ እንዲፈስ ይደረጋል፤ በጉብታው ላይ የቀረው በንጹሕ እርጥብ ብሩሽ ይነሣል። ሦስተኛ፣ ፈካ ያለው ቀለም ብርሃን በሚያርፍበት ቦታ ብቻ፣ ማለትም በራስ፣ በትከሻ፣ በጉልበትና በእጥፋቱ አናት ላይ ይጨመራል። ብርሃኑ የሚያርፍበትን ቦታ ለማወቅ ከመጀመራችን በፊት ምስሉን በጨለማ ክፍል ከላይ በእጅ ባትሪ ማብራትና በስልክ ፎቶ ማንሣት በቂ ነው። ፎቶው ሥራው እስኪያልቅ ድረስ እንደ ካርታ ያገለግላል።

ለፀጉር፣ ለበግ ሱፍና ለሳር ክዳን ሌላ ዘዴ አለ። ብሩሹ ፈካ ያለ ቀለም ከተነከረ በኋላ ደረቅ እስኪሆን ድረስ በጨርቅ ይጠረጋል፤ ከዚያ በጉብታዎቹ ላይ በቀላሉ ሲዳሰስ የቀረው ጥቂት ቀለም አናት አናቱን ብቻ ይነካል። ዘዴው ፈጣን ነው፤ በፊትና በለስላሳ ልብስ ላይ ግን ዱቄት የተነሰነሰበት ያስመስላል።

ቆዳ፣ ነጠላና ዓይን

የእኛን ሰው ስንቀባ ሦስት ነገሮች በተለይ ያስቸግራሉ። የመጀመሪያው ቆዳ ነው። በገበያ «የቆዳ ቀለም» ተብሎ የሚሸጠው ብዙ ጊዜ የነጭ ሰው ገጽታን የሚሰጥ ነው። ቡናማ፣ ቀይና አፈር መሳይ ቢጫ በመቀላቀል ከጠይም እስከ ቀይ ዳማ ያለውን መልክ ሁሉ ማውጣት ይቻላል። ለጥላው ጥቁር ብቻ ከተጨመረ ቆዳው አመድ የነካው ይመስላል፤ ጥቂት ሰማያዊ ወይም ጠቆር ያለ ቀይ ይሻለዋል። ለብርሃኑም ነጭ ብቻ ሳይሆን ቢጫ ወይም ብርቱካናማ ሲጨመር ቆዳው ሕይወት ያገኛል።

ሁለተኛው ነጠላ ነው። የባህል ልብሳችን ነጭ ነው፤ ነጭ ደግሞ ከቀለም ሁሉ ይከብዳል። ነጠላው ገና ከመነሻው በንጹሕ ነጭ ከተቀባ ብርሃኑን ለማሳየት ከዚያ በላይ የሚፈካ ቀለም አይቀርም። ስለዚህ መነሻው ፈዘዝ ያለ ግራጫ ወይም ያልታጠበ ጥጥ የሚመስል ቀለም ይሁን፤ ንጹሑ ነጭ ለእጥፋቱ አናት ብቻ ይቆጠብ። በ4 ሚሊ ሜትር ጥበብ ውስጥ ሸማኔው የሠራውን ሁሉ ማስገባት አይቻልም። አንድ ዋና ቀለም፣ በላዩ ጥቂት የወርቅ ወይም የአረንጓዴ ነጠብጣቦች በእኩል ርቀት ከተቀመጡ ቀሪውን የተመልካቹ ዓይን ይሞላዋል።

ሦስተኛው ዓይን ነው። በሥዕላችን ባህል ጻድቃን በሁለት ዓይን፣ ክፉዎች በጎን ታይተው በአንድ ዓይን መሳላቸው ዓይን ምን ያህል ትርጉም እንደሚሸከም ያሳያል። በትንሽ ምስል ላይ መጀመሪያ የዓይኑ ቦታ በጥቁር ቡናማ ይሰመራል፤ በውስጡ ጠርዙ ሳይሸፈን ጥቂት ነጭ ይገባል፤ በመጨረሻ ብሌኑ ከላይኛው የዓይን ቆብ ጋር ተነካክቶ ይቀመጣል። ብሌኑ በነጩ መካከል ብቻውን ከቆመ ሰውየው የደነገጠ ይመስላል። ለእጅ የማይመቸውን ዓይን አስቀድሞ መሥራትና የሚመቸውን ከእርሱ ጋር ማመሳሰል ይቀላል። ምስሉ ከ5 ሳንቲ ሜትር ካነሰ አንድ ጥቁር መስመር ብቻውን ከተሟላ ዓይን ይልቅ ሊያምር ይችላል።

ማስተዋልና መደጋገም

ከቀለም በፊት እውቀት አለ። ገበሬ የሆነ ቀቢ በዚህ ከከተሜው ይቀድማል። ቀንበሩ በበሬዎቹ አንገት ላይ ከሻኛው ፊት እንደሚያርፍ፣ ሞፈሩ በሁለቱ መካከል እንደሚያልፍ፣ አራሹ በአንድ እጁ እርፍ በሌላው ጅራፍ እንደሚይዝ፣ ጭቃውም የበሬውን እግር እስከ የት እንደሚነካ ያውቃል። ከተሜው ይህን ከመገመት ይልቅ ሄዶ ማየት፣ ወይም የሚያውቅ ሰው መጠየቅ አለበት።

እጅ የሚሠለጥነው ደግሞ አንዱን ምስል ደጋግሞ በመሥራት ነው። አምስት የተለያዩ ምስሎችን ከመጀመር ተመሳሳይ የሆኑ ሦስቱን ተራ በተራ መጨረስ ይበልጥ ያስተምራል። ከእያንዳንዱ ሥር ቀኑን ጽፎ ማስቀመጥ፣ በእያንዳንዱም አንድ ነገር ብቻ ለማሻሻል መወሰን ይገባል፤ ዛሬ ነጠላውን፣ በሚቀጥለው ዓይኑን። ሥራው እንዳለቀ በስልክ ጥቁርና ነጭ ፎቶ ማንሣትም ሐቀኛ ፈታኝ ነው። ቀለሙ ሲወገድ ፊቱ ከነጠላው፣ እጁ ከቀሚሱ ካልተለየ የብርሃንና የጥላው ልዩነት ገና አልበቃም ማለት ነው። ፎቶው ጉድለትን ሁሉ ስለሚያጎላ ግን በመጨረሻ ምስሉን ክንድ አርቆ ይዞ መፍረድ ተገቢ ነው፤ ገዢውም የሚያየው ከዚያ ነው።

ጤናና ገበያ

በጋራ መኖሪያ ቤት የሚሠራ ሰው ስለ ጎረቤቱም ማሰብ አለበት። በቲነር የሚቀጥን ቀለምና የሚረጭ ቫርኒሽ ሽታው ይጎዳል፣ እሳትም ይስባል፤ ከምድጃና ከከሰል ርቆ፣ አየር በሚዘዋወርበት ቦታ መጠቀም ያስፈልጋል። እርሳስ ያለበት ቀለም በተለይ ሕፃናትን ስለሚጎዳ ሲገዙ በማሸጊያው ላይ ያለውን መግለጫ ማየት ይበጃል። ቡና የሚፈላበት ጀበናና የሚጠጣበት ሲኒ ፈጽሞ በዚህ ቀለም ሊቀቡ አይገባም፤ ቅቡ ለጌጥ ለሚቀመጠው ብቻ ነው። ሥራው ሲያልቅ ደብዘዝ ያለ ቫርኒሽ በስሱ መቀባት ቀለሙን ከመፋቅ ያድነዋል። አንጸባራቂው ለጀበናው ወይም ለዓይኑ ብሌን ብቻ ቢሆን ያምራል።

በኮሮና ወረርሽኝ፣ ከዚያም በተከታታይ በመጡት ጦርነትና ግጭቶች ወደ ጎንደርና ወደ ሌሎች መዳረሻዎች የሚሄደው ጎብኚ በተመናመነባቸው ዓመታት የእደ ጥበብ ሠሪዎች ገበያ ተጎድቷል። ገዢ በጠፋበት ጊዜ ቀለሙ በሻንጣ ውስጥ የሚላጥ፣ ፊቱ የማይለይ ምስል የሚሠሪውን ብቻ ሳይሆን የአጠገቡን ነጋዴ ስምም ይጎዳል። በጥንቃቄ የተፈጸመ ምስል ግን ለጎብኚ ብቻ የሚሸጥ አይደለም። በአዲስ አበባ ለሠርግና ለምርቃት ስጦታ ይሆናል። የሕንፃ ንድፍ ሞዴል የሚሠሩ ባለሙያዎችም ትንንሽ ሰዎችን ይፈልጋሉ፤ በ1 ለ100 መጠን አንድ ሰው 1.7 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። ዋጋ ሲተመን የቀለሙ ወጪ ብቻ ሳይሆን የፈጀው ሰዓትም ሊጻፍ ይገባል። ሸክላውን የሠራችው ሴት ድርሻና ስምም አብሮ ቢታወቅ ለረጅም ዘመን ሳይከፈል የቆየ የክብር ዕዳ ጥቂቱ ይከፈላል።

ለመጀመር ብዙ አያስፈልግም። አንድ የተሸረፈ ምስል፣ አንድ ጫፉ የሾለ ብሩሽ፣ አምስት ቀለሞች፦ ነጭ፣ ጥቁር፣ ቀይ፣ ቢጫና ሰማያዊ። ቡናማው ከቀይ፣ ከቢጫና ከጥቂት ሰማያዊ ይገኛል። የመጀመሪያው ምስል አያምር ይሆናል፤ ቀኑ ተጽፎበት በመደርደሪያ ላይ ይቆይ። አሥረኛው ከጎኑ ሲቆም እጅም ዓይንም ምን ያህል እንደተጓዙ የሚመሰክረው እርሱ ነው።